ባዶው የዶክተር ተርልቢ ጠረጴዛ

ዶክተር ተርልቢ በሕይወት ሳለ ሰውን ሁሉ ቁልቁል ነበር የሚያየው። ያን ሰኞ ጠዋት ተራው የሌሎች ሆነ። የኢሊ ከተማ ሐኪም፣ ኮንስታብል ፑሊና ከካምብሪጅ በባቡር የመጣው ኢንስፔክተር ታንስሊ ዙሪያውን ቆመው ቁልቁል ይመለከቱታል። ሽማግሌው በመዝገበ ቃላቱ ቤት የወረቀት ክፍል ውስጥ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ጀርባው ላይና ዙሪያውን የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ቁራጭ ወረቀቶች ተበትነዋል። አጠገቡ ባዶ መሳቢያ ተገልብጦ ወድቋል።

ቤቱን ያቋቋመው አንድ ሀብታም ቢራ ጠማቂ ነበር። በርሜል ላይ የተጻፈ ስም እንደማይከበር በስተርጅናው ስለገባው፣ ስሙ የሚጻፍበት ታላቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲዘጋጅ ገንዘቡን ተናዞ ሞተ። ሊቃውንቱም ከፊደሉ መጀመሪያ ተነሥተው፣ እርስ በርሳቸው እየተናናቁ፣ «ቲ» የተባለው ፊደል ላይ ደርሰዋል።

«መጀመሪያ ወድቆ ነው ብለን ነበር» አለ ፑሊ። «መሳቢያ ሊያወርድ ወጥቶ እግሩ ከድቶት። ሐኪሙ ግን እምቢ አለ።»

«ሐኪሙ እምቢ ያለው ሁለት ጊዜ ስለተመታ ነው» አለ ሐኪሙ ተቆጥቶ። «ሰው ካንድ መሰላል ላይ ሁለት ጊዜ አይወድቅም፤ ያውም ሁለቱንም ጊዜ በአናቱ። ከሞተ ደግሞ ቆይቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ እምላለሁ።»

«ገዳዩን ይዘነዋል» አለ ፑሊ ደረቱን ነፍቶ። «ምድጃ የሚያነደው ሰውዬ ነው፣ ጄሲ መኒንግስ። ዛሬ ጠዋት ሬሳ አገኘሁ ብሎ የመጣው ራሱ ነው፣ እጁ ደም በደም ሆኖ። ጭንቅላቱን ቀና ላደርገው ብዬ ነው ይላል። ቁልፍ አለው። ድሮም የጌቶች ደን ገብቶ ወፍ ሲያጠምድ ተይዞ ታስሯል። እጁን በካቴና አስሬ በገበያው መሐል ወስጄዋለሁ።»

«ጣቢያችሁ በጓሮ በኩል አይደል እንዴ?»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ በገበያው መሐል ምን ወሰደህ?»

«ሰው እንዲያየው ነዋ!»

ታንስሊ አጭር፣ ደንዳና፣ ሰውን ሲያይ ዓሣ ሻጭ ሊያታልለው የተዘጋጀ ይመስል ዓይኑን የሚያጠብ ሰው ነበር። የማያከብረው ቤት ሲገባ ባርኔጣውን አያወልቅም። አሁንም አላወለቀም።

ተንበርክኮ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረ። እያንዳንዱ ላይ ከአንድ መጽሐፍ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር፣ ዓመተ ምሕረትና የመጽሐፉ ስም ተጽፏል። ሁሉም ስለ ማንኪያ ነው። የብር ማንኪያ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ለክርስትና ስጦታ የሚሰጥ ማንኪያ። በሁሉም ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰማያዊ እርሳስ መስመር ተሰምሯል። አንዳንዶቹ ወለሉ ላይ ከደረቀው ደም ጋር ተጣብቀዋል፤ በታችኛው ገጻቸው ብቻ። በላይኛው ገጽ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አልነበረችም።

«ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው የተበተኑት» አለ ለራሱ።

ከዚያ ክፍሉን ቃኘ። መሰላሉ የቆመው የ«ቲ» መሳቢያዎች በተደረደሩበት ግድግዳ ላይ ነው። የማንኪያው መሳቢያ የተጎተተበት ባዶ ቀዳዳ ግን በወዲያኛው ጥግ፣ ከወገብ በታች ነበር። በመስኮቱ ሥር የሟቹ ሰፊ ጠረጴዛ አለ። ላዩ ላይ ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልነበረም። በክፍሉ ያለው ዕቃ ሁሉ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ወረቀት መጫኛው ብረት ብቻ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ታንስሊ በመሐረብ ጠቅልሎ ለፑሊ ሰጠው።

በመጨረሻ ከጠረጴዛው አጠገብ ያለውን መሳቢያ ሳበ። ስሙ «ትራዱስ» ይላል። ውስጡ በካርቶን የተለያዩ ሦስት ክምር ወረቀቶች አሉ፤ ሰማያዊ መስመር የላቸውም። ከፊት ያለው ክምር ካርቶን ላይ «ስም ማጥፋት» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛው «መተርጎም»፣ በሦስተኛው «ለዘር ማስተላለፍ»። በፊተኛው ክምር ግንባር ላይ ዓመተ ምሕረት የሌላቸው ሁለት ወረቀቶች በስፒል ተያይዘዋል።

«ይሄን ማንም ሳያየው በጆንያ ጠቅልለህ ጣቢያ ውሰድልኝ» አለው ፑሊን። «በጓሮ በኩል።»

ምርመራው የተካሄደው የቢራ ጠማቂው ትልቅ ሥዕል በተሰቀለበት እንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። መጀመሪያ የገባው ቄስ ፎስዳይክ፣ የካቴድራሉ ካህንና የመዝገበ ቃላቱ ቤት ባላደራ፣ ከገዳዩ ይልቅ ሻዩ መቀዝቀዙ ያናደደው ሰው ነበር።

«ምን ያስመረምራል?» አለ። «መኒንግስ ነው። እኔ ጠዋት በዓሣ ተራ ሳልፍ ለሴቶቹ ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሲገድል አይተውት ነው፣ አባ?»

«እኔ? ምን ሲደረግ!»

«ታዲያ ማን ነገረዎት?»

«ወይዘሪት ፓላንት ነች መሰለኝ… አዎ፣ እሷ ነች። ግን ማንም የሚያውቀው ነገር ነው እኮ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አለ ቄሱ።

ታንስሊ የእግሩን አቀማመጥ አስተካከለ። «ዶክተሩ ሰሞኑን ምን ይሠሩ ነበር?»

«ትራዱስን። ዛሬ ሰውን በሐሰት ስሙን ማጥፋት ማለት ነው። ሥሩ ላቲን ነው፤ አሻግሮ መምራት ማለት። ድሮ አባቶቻችን ጽሑፍን ካንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲያሻግሩም በዚሁ ቃል ይሉት ነበር፤ ነፍስ ከአባት ወደ ልጅ ስትሻገርም እንደዚሁ። የእኛ ሥራ የትኛው ትርጉም መጀመሪያ እንደመጣ ማስቀመጥ ነው።» ፊቱ በራ፤ ሬሳው ተረሳ። «እና የነፍሱ ነው የሚቀድመው! የቤተ ክርስቲያን አባቶች ቃል ነዋ! ተርልቢን ለመንኩት። ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? ‹ፎስዳይክ፣ አንተ መስበክህን ስትተው ነው ማሰብ የምትጀምረው› አለኝ። በገዛ ምሳዬ ላይ!»

«ከዶክተሩ በኋላ ቤቱን የሚመራው ማነው?»

ቄሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁሉም ዌክስኮምን ነው የሚጠብቀው፤ ዋናው ረዳት ነው። ተርልቢ ግን ዓርብ ዕለት ቤቱን ለሴትዮዋ፣ ለፓላንት ነው የምሰጠው አለኝ። ‹ዌክስኮምስ?› ስለው፣ ‹ዌክስኮም መደርደሪያ ነው፤ ያስቀመጥክበትን ይይዛል› አለኝ። ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ ራሴ እነግረዋለሁ ብሎ ነበር፤ ሳይነግረው ሞተ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ምሥጢር እጠብቃለሁ።»

«በዓሣ ተራ እንደጠበቁት» አለ ታንስሊ፤ አመስግኖም አሰናበተው።

ወይዘሪት ሄስተር ፓላንት ሁለተኛ ረዳት ናት። ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ባርኔጣውን አየች።

«ሰማያዊው መስመር ምንድን ነው?» አላት።

«ታትሞ ያለቀ ቃል። ወረቀቱ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም፤ እንዲያው መጣል ስለማንችል ጥግ ላይ እናስቀምጠዋለን። እኛ ሰዎች እንኳ ሲያረጁ እንደዚያ ነው የምናደርጋቸው።»

«ዶክተሩ የማንኪያን መሳቢያ ምን ያደርጉለት ነበር?»

«ምንም።» ትንሽ አሰበች። «ምንም አያደርጉለትም። ማንኪያ ከታተመ ቆየ።»

«ቅዳሜ ሲወጡ ጠረጴዛቸው ላይ ምን ነበር?»

«ትራዱስ ነዋ። በክምር በክምር ተዘርግቶ። ጠረጴዛቸው ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ የሌላው ሰው እጅ እንዲነካውም አይፈቅዱም። ቀን የሌላቸው ሁለት ወረቀቶች ነበሩ፤ ለየብቻቸው ከኋላ አስቀምጠዋቸው ነበር። ቀን የሌለው ወረቀት ማስረጃ አይደለም፤ መጨረሻ ነው የሚገባው።»

«እርስዎስ የትኛውን ትርጉም ያስቀድማሉ?»

«እኔ አላስቀድምም፤ ቀኑ ነው የሚያስቀድመው። መተርጎም ይቀድማል፣ ከዚያ ለዘር ማስተላለፍ፣ ከዚያ ስም ማጥፋት። ወረቀቱ ላይ ዓመቱ ተጽፏል፤ መቁጠር ለሚችል ሰው ክርክር የለውም። ቄሱ መቁጠር አይወዱም።»

«መኒንግስ ገደለ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ቀላ። «የሰማሁትን ነው የደገምኩት። ሚስተር ዌክስኮም ነው…» ቆመች። «እሱ እንኳ አላለም። ‹መኒንግስ ሊሆን አይችልም፣ አይደል?› ብሎ ጠየቀኝ።»

«እርስዎም ለቄሱ ‹መኒንግስ ነው› ብለው ተረጎሙላቸው።»

አፍንጫዋን ነፍታ ተነሣች።

ሚስተር አምብሮዝ ዌክስኮም ሲገባ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋ፤ ተቀመጡ እስኪባል ድረስም ቆመ። ከሲታ ነው፤ አንገቱ ከኮሌታው ይልቅ ቀጭን፤ ትከሻው ከላይ ትእዛዝ እንደሚወርድበት ዘወትር ወደ ፊት ያዘነበለ።

«እንደው ምን ይባላል» አለ። «ታላቅ ሰው ነበሩ።»

«ይወዷቸው ነበር?»

«መውደድ እንኳን… አከብራቸው ነበር። ማንስ ያላከበራቸው አለ?»

«ትራዱስ የሚለውን ቃል እርስዎ እንዴት ይደረድሩት ነበር?»

«ዶክተሩ እንዳሉት ነዋ። ቀኑን ተከትሎ።»

«የራስዎ ሐሳብ የለዎትም?»

ዌክስኮም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ሲያልፍ ከንፈሩ እንደተወጠረ ቀረ። «በዚህ ቤት ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ፣ ኢንስፔክተር። አንድ እንኳ የሌለው ሰው ያስፈልግ ነበር።»

«መኒንግስ ነው ይላሉ?»

«ኧረ እኔ አልልም! ምስኪን ሰው ነው። በእርግጥ እስር ቤት የነበረ ሰው… ቁልፍም ነበረው… ዶክተሩም ባለፈው ሳምንት ከሰል ሰረቅክ ብለው በሰው ፊት አዋርደውታል። ግን እኔ ምንም አላልኩም። ይጻፍልኝ፤ እኔ ምንም አላልኩም።»

«የመጣብኝ ሐሜት ሁሉ ካንተ ምንም አለማለት ነው የተነሣው» ብሎ አሰበ ታንስሊ። በአፉ ግን «ይበቃል፣ አመሰግናለሁ» አለ። ሐሜተኛን አስሮ ገዳይ ማድረግ ቢቻል በኢሊ ከተማ ዳቦ የሚጋግር ሰው እንደማይቀር ያውቃል።

መኒንግስ በእስር ክፍሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ግዙፍ እጆቹን ይመለከታል። ደሙን እንዲታጠብ አልፈቀዱለትም።

«እርስዎ ነዎት የገደሉት?» አለው ታንስሊ።

መኒንግስ ቀና አለ። በዚያ ቀን «እርስዎ» ያለው የመጀመሪያው ሰው ነበር። «አይደለሁም።»

«ከሰል ሰርቀዋል?»

«እሱንስ አዎ። አንድ ባልዲ። ሚስቴ ብርድ ይዟት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ እኔን ይሰቅሉኛል?»

«እነዚህን ሰዎች ካመንኳቸው፣ አዎ። ዳኛውም እንደነሱ የተማረ ነው።»

«እሺ፣ እኔስ ልሰቀል። ሚስቴ ሩትስ?» ተነሥቶ ቆመ። «ፑሊ ነው የነገረኝ፤ እየሣቀ። ሴቶቹ ቤታችን በር ላይ እባብ የመሰለውን የኢል ዓሣ ሆድዕቃ እየደፉ ነው። ጎረቤታችን የዳቦ ምጣዳችንን ተውሳ ነበር፤ የገዳይ ምጣድ አልነካም ብላ ግቢው ውስጥ ጣለችው። ሩት ውኃ ልትቀዳ እንኳ አልወጣችም። እኔን ከሰቀላችሁኝ በኋላ እሷ የት ትሄዳለች?»

ታንስሊ ለማጽናናት ጊዜ አላጠፋም። «ነገ ጠዋት ሁሉንም እሰበስባለሁ» አለው። «ክፉ ነገር እናገርብዎታለሁ። በጣም ክፉ። የፈለግሁትን ብል ዝም ብለው ይቀመጡ። ይችላሉ?»

«ዝም ማለት እዚያ ቤት ያስተማሩኝ ሥራ ነው» አለ መኒንግስ።

ማክሰኞ ጠዋት ሬሳው ተነሥቷል፤ ወለሉ ታጥቧል። ምድጃውን የሚያነድ ሰው ስላልነበረ ሦስቱ ሊቃውንት ካፖርታቸውን እንደለበሱ በባዶው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። መኒንግስ በካቴና እንደታሰረ ከፑሊ ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል። ዝናብ መስኮቱን ይመታል።

«እንዲህ በብርድ የሚያስቀምጡን ስለምንድን ነው?» አለ ቄስ ፎስዳይክ። «ሰውየው ታስሯል!»

«አሳጥረዋለሁ» አለ ታንስሊ። «ዶክተር ተርልቢ የሞተው መሰላሉ ሥር አይደለም፤ አሁን የተቀመጣችሁበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወረቀት መጫኛው ብረት ታጥቧል፤ በዚህ ቤት ደግሞ ሌላ የታጠበ ዕቃ አላየሁም። ገዳዩ ሬሳውን ወደ መሰላሉ ጎተተው፣ ወረቀትም በተነበት፣ ወድቆ እንዲመስል። የተበተነው ከደሙ በላይ እንጂ ከደሙ በታች አልነበረም። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ከመሰላሉ ላይ መሳቢያ ሊያወርድ ወጥቶ የወደቀን ሰው የምታስመስሉ ብትሆኑ የቱን መሳቢያ ትደፋላችሁ?»

«አጠገቡ ያለውን» አለች ወይዘሪት ፓላንት ሳታመነታ። ወዲያው ቀና ብላ መሰላሉ ሥር ያሉትን የ«ቲ» መሳቢያዎች አየች። «አልደፋም። የዓመታት ሥራ ነው። ተመልሶ አይደረደርም።»

«ጥሩ። ገዳያችንም ልክ እንደ እርስዎ አዘነለት። ሰው ገድሎ ሲያበቃ፣ ለወረቀት አዘነ። ክፍሉን አቋርጦ ሄዶ ለማንም የማይጠቅመውን የማንኪያ መሳቢያ አመጣ። ምድጃ የሚያነድ ሰው ለእናንተ ወረቀት ምን ገዶት? ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነበር የሚደፋው። በዚህ የተነሣ ትናንት ማታ ድረስ ገዳዩ ከሦስታችሁ አንዱ ነው ብዬ ነበር።»

የቄሱ አፍ ተከፈተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ምንም ሳይወጣበት ተዘጋ።

«ከዚያ ግን ይሄ መሳቢያ አሳፈረኝ።» ታንስሊ ከጆንያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሳይከፍት አስቀመጠው። «ሰውየው መሳቢያ ሊያወርድ ሲል ወደቀ ለማለት ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ሥራ መኖር የለበትም። ስለዚህ ገዳዩ የትራዱስን ክምሮች ሰብስቦ እዚህ ውስጥ ከተታቸው። እንዴት እንደደረደራቸው ስነግራችሁ ትሥቃላችሁ። ወይዘሪት ፓላንት መተርጎምን ታስቀድማለች፤ ሟቹም እንደዚያው፤ ሚስተር ዌክስኮምም ሟቹን ተከትሎ። አባ ፎስዳይክ ነፍስን ያስቀድማሉ። እዚህ ውስጥ ግን ከፊት የተቀመጠው ስም ማጥፋት ነው።»

«ስም ማጥፋት? መጀመሪያ?» ቄሱ ከት ብሎ ሣቀ። «ሕፃን ልጅ እንኳ!»

«ቅሌት ነው» አለች ፓላንት። «በቀን እንኳ የመጨረሻው ነው። ይሄን የደረደረ ሰው ቁጥር አያውቅም ማለት ነው።»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለ ታንስሊ። «እናንተ ክፉዎች ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ደንቆሮዎች ግን አይደላችሁም። እንዲህ ያለ ድርደራ የሚወጣው ማንበብ ከማይችል እጅ ብቻ ነው። ያገኘውን አንሥቶ ጎሰጎሰው። ስለዚህ ሚስተር መኒንግስ፣ ይቅርታ፤ ተመልሰን ወደ እርስዎ ነው። ገመዱ የሚገባው ለእርስዎ አንገት ነው።»

መኒንግስ ዓይኑን ጨፈነ። ዝም አለ።

«ይኸው!» አለ ቄሱ። «ከመጀመሪያው ብያለሁ። ዓሣ አራጆቹ እንኳ ገብቷቸዋል።»

«ከምድጃ ጠባቂ የሚጠበቅ ሥራ ነው» አለች ፓላንት። «ጅልነት።»

«ጅልነት አይደለም» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

ሁሉም ዞሩ። ሚስተር ዌክስኮም እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ መዳፉን ይመለከታል።

«ምን አሉ፣ ሚስተር ዌክስኮም?» አለ ታንስሊ በስልቹ ድምፅ። «ለዚህ ድንቁርና ጥብቅና ይቆማሉ?»

«ድንቁርና አይደለም! እናንተ ቀን ነው የምትቆጥሩት፤ ቀን መቁጠር ባለሱቅም ይችላል!» ትከሻው ቀና አለ። «ቃሉ እዚህ አገር አልተወለደም። ሮማውያን ዘንድ ሰውን በሕዝብ መሐል እየመሩ ያሳልፉት ነበር፤ ሁሉ እንዲያየው፣ እንዲሣቅበት፣ እንዲዋረድ። የቃሉ ልብ ይሄ ነው! መተርጎሙም፣ ነፍሱም የተማሩ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ከሕዝቡ አፍ የወጣው ውርደቱ ነው። ማስረጃውም አለ። ሁለቱ ቀን የሌላቸው ወረቀቶች በገበያ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ የተቀዱ ናቸው፤ አጻጻፋቸው ከሁሉም ያረጀ ነው። ተርልቢ ግን ዝም ብሎ ኋላ ይጥላቸዋል! ለዚህ ነው በስፒል አያይዤ ከፊት ያደረግኋቸው፤ የሚያነብ ሰው ካለ መጀመሪያ እንዲያያቸው!»

ድምፁ ግድግዳው ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ታንስሊ መሳቢያውን ቀስ ብሎ ከፈተ። በግንባሩ ላይ፣ በስፒል የተያያዙት ሁለት ወረቀቶች ነበሩ።

«ስለ ስፒል ያልተናገርኩ ይመስለኛል» አለ። «ወይዘሪት ፓላንት፣ ቅዳሜ ሲወጡ እነዚህ እንዴት ነበሩ?»

«ለየብቻ» አለች በቀስታ። «ከኋላ።»

«መሳቢያው ከሰኞ ጠዋት ጀምሮ ጣቢያ ነው፤ ከእኔ በቀር የከፈተው የለም። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው አራት ሰዎች ናቸው፤ እናንተ ሦስታችሁና መኒንግስ። የማንኪያው መሳቢያ መኒንግስን አስወጣልኝ፤ የደረደረው ሰው ወረቀት የሚወድ ነው። ድርደራው ደግሞ የእርስዎም የአባም አልሆነ፤ የሟቹም አልሆነ። የቀረው ሐሳብ የለኝም ያለኝ ሰው ነው። ሐሳብ የሌለው ሰው ቢሆን ኖሮ የለመደውን የጌታውን ድርደራ ነበር የሚደረድረው። ይሄ ግን ሐሳብ ነበረው። ሲያፍነው ኖሯል፤ ሊቃወመው የሚችለው ሰው ሲሞት አወጣው።» ወደ ዌክስኮም ዞረ። «ቅዳሜ ነገሩዎት፣ አይደል? ቤቱን ለወይዘሪት ፓላንት እንደሚሰጡ።»

«ለእኔ?» አለች ፓላንት።

«‹መደርደሪያ ነህ› አለኝ» አለ ዌክስኮም። አሁን ረጋ ብሏል። «ለዚያ እንኳ አልከፋኝም፤ ብሎኝ ያውቃል። ስለዚህ ቃል አንድ ሐሳብ አለኝ አልኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያውን። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ‹ዌክስኮም፣ በሩን ስትወጣ ዝጋው› አለኝ።»

«መኒንግስንስ?»

«እሱን አልከሰስኩትም። ጠየቅሁ እንጂ።»

«እርስዎስ ትራዱስ የሚለውን ቃል በደንብ ያውቁታል» አለ ታንስሊ፤ ለፑሊም ምልክት ሰጠው። ፑሊ ካቴናውን ከመኒንግስ እጅ ፈትቶ በዌክስኮም እጅ ላይ አሰረው።

ዌክስኮም በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ወይዘሪት ፓላንት፣ ሲታተም… ትንሽ ያስቡበታል?»

«ቀን የሌለው ወረቀት ማስረጃ አይደለም፣ ሚስተር ዌክስኮም» አለችው። ወዲያውም ስፒሉን ነቅላ ሁለቱን ወረቀቶች ከኋላ ከተተቻቸው። ከእስራቱ ይልቅ የዌክስኮምን ፊት ያገረጣው ያ ነበር።

ቄስ ፎስዳይክ ዣንጥላውን አንሥቶ ለመውጣት ሲሰናዳ መኒንግስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው።

«እንግዲህ ጄሲ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ቄሱ። «ተሳስተናል፤ ሰው ይሳሳታል። እርሳው።»

«እኔ እረሳዋለሁ፣ አባ። ሩት ግን ገና አልሰማችም። ጎረቤቶቹም አልሰሙም።»

«ይሰማሉ፣ ይሰማሉ። በዚህ ከተማ ወሬ ሲበርር ነው።»

«የመጀመሪያው እንደበረረ ይሄኛው አይበርርም። እርስዎ ነዎት የነገሯቸው፤ እርስዎ ይንገሯቸው። አሁን።»

ቄሱ ወደ ታንስሊ አየ፤ ታንስሊ ዝናቡን ይመለከት ነበር። «እኔም በዚያው በኩል ነኝ» አለ፤ «ልሸኛችሁ።»

መኒንግስ የሚኖረው ከወንዙ ዳር፣ በጠባቡ የዓሣ ተራ መንገድ ላይ ነው። ዓሣ የሚያርዱት ሴቶች ከዳስ ሥር፣ ቢላዋቸውን እንደያዙ፣ ሦስቱን ሰዎች ሲመጡ አዩና አፋቸውን ዘጉ። የመኒንግስ በር ደፍ በዓሣ ሆድዕቃ ተጨማልቋል። መኒንግስ ራመድ ብሎ አለፈውና አንኳኳ።

«ሩት፣ እኔ ነኝ። ክፈቺ።»

በሩ በጠባቡ ተከፈተ። ራሷን በሻርፕ የጠቀለለች ሴት ባሏን አየችው፤ ከዚያ እጁን፤ ካቴና የለበትም።

ቄስ ፎስዳይክ ዣንጥላው ሥር ጎንበስ ብሎ «ይህ ሰው አልገደለም» አለ፤ ለጫማው የሚናገር ይመስል ነበር።

«አልሰሙም» አለ መኒንግስ።

«ይህ ሰው አልገደለም፤ እኔ… በስሕተት ነው የተናገርኩት።»

ከዳሱ ሥር አንዷ ሴት ጆሮዋ ላይ እጇን አድርጋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ሌሎቹ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ሩት በሩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችው።

«ጮክ ይበሉ፣ አባ» አለች። «ትናንት እኮ እዚህ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁዎት።»